ባይራ፤ የጋሞ ደጋ የበኵር ልጅ

የነገሥታትን፤ የጦር አበጋዞችንና የሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ አንብቦ ትምህርት መቅሰም የቈየ ልማዳችን ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግን ዘውድ ያልደፋ፤ ጦር ያልመራ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ያልጻፈ ሰው ታሪክ ነው። ይኸው ሰው ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት በጋሞ ደጋ ኖሮ የሞተ ሲሆን፤ ዛሬ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚመረምሩ ሊቃውንት በየአህጉሩ ያውቁታል። ከአፍሪካ ምድር ከተገኙት የጥንት ሰዎች መካከል፤ ዲ. ኤን. ኤ. የሚባለው የትውልድ ጽሕፈቱ በሙሉ ተነቦ ለዓለም የቀረበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነውና። ሊቃውንቱ የተገኘበትን ዋሻ ስም ይዘው የሞታ ሰው ይሉታል፤ ይህም ከጎጃሙ ሞጣ ጋራ መምታታት የለበትም። በጋሞኛ የወጣለት ስም ግን ባይራ ነው።

ታሪኩን የምንተርከው ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሰው በሚሠራው ሥራ ምክንያት ዘሩ ሌላ ነው እየተባለ ሲናቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። የዚህ የጋሞ ሰው ታሪክ ከዚህ ከቈየ ነገር ጋራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶችና በሥራ ዓለም ገና የገቡ ሹማምንት ታሪኩን አስተውለው እንዲያነቡት እንወዳለን።

አገሩና ዘመኑ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ መንገደኛ፤ ዓባያና ጫሞ የተባሉትን ሁለቱን ሐይቆች ከበታቹ ትቶ እየራቀ በሄደ መጠን ሙቀቱ ሲቀንስ፤ ሙዙ ሲያንስ፤ በምትኩም እንሰቱ፤ ገብሱና ቀርከሃው ሲበዛ ይመለከታል። በዚሁ ደጋ ላይ የቦንኬ ከተማ ሆና የኖረችው ገረሴ ትገኛለች። የሐይቆቹ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፤ የጕጌ ተራራ ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቆላውም ደጋውም፤ ሐሩሩም ውርጩም የሚገኝበት አገር ነው ማለት ነው። የባይራ ዋሻ የሚገኘው በዚሁ በጋሞ ደጋ፤ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው።

ዘመኑን ለመገመት ወደ ግብፅ ማየት ይበቃል። ባይራ በጋሞ ተራራ ላይ በሚኖርበት ዘመን አካባቢ የግብፅ ፈርዖኖች የጊዛን ታላላቅ ፒራሚዶች ያሠሩ ነበር። ሳሁሬ የተባለው ፈርዖንም ዕጣንና ከርቤ ፍለጋ መርከቦቹን በቀይ ባሕር በኩል ወደ ፑንት ምድር የላከው በዚሁ ዘመን አቅራቢያ ነው። የአክሱም መንግሥት ሊነሣ ገና 2,500 ዓመት ያህል ቀርቶታል። በግብፅ ጸሓፊው በብራና መሰል ቅጠል ላይ የንጉሡን ከብትና እህል ሲቈጥር፤ በጋሞ ደጋ ግን ሰው ታሪኩን የሚተው በድንጋዩ፤ በአጥንቱና በጥርሱ ላይ ብቻ ነበር።

መልኩና ኑሮው

ባይራ ወንድ ነበረ፤ ለአካለ መጠን ደርሶ የሞተ ነው። የትውልድ ጽሕፈቱ እንደሚያስረዳው ዐይኑ ቡናማ፤ ቈዳውም ጥቍር ነበረ። በዚህ ላይ ደግሞ የደጋ ሰው መሆኑን የሚመሰክር ምልክት በውስጡ ተገኝቷል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ፤ ቆላ የለመደ ሰው ወደ ተራራ በወጣ ጊዜ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ራሱንም ያመዋል። ብዙ ትውልድ በደጋ ሲቀመጥ ግን ሰውነት ከሳሳው አየር ጋራ ይስማማል። በዛሬዎቹ ደገኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚታየው ይህን የመሰለው ስምምነት ለባይራም ነበረው። ይህም የሚያሳየው እሱ ለአንድ ሰሞን አደን ከቆላ የወጣ እንግዳ ሳይሆን፤ አያት ቅድመ አያቶቹ በተራራ ላይ የኖሩ መሆናቸውን ነው።

ሌላም ነገር ታውቋል። ከብት አርቢ በሆኑ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ሰው ካደገ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት ኀይል በሆዱ ውስጥ ይቈያል፤ ባይራ ግን ይህ ኀይል አልነበረውም። ጡት ከጣለ በኋላ ወተት ቢጠጣ ሆዱን ይነፋው ነበር ማለት ነው። ይህም ከኑሮው ጋራ የሚስማማ ነው፤ ባይራ አራሽም አርቢም አልነበረምና። ዛሬ የደጋው ሕዝብ የሚበላቸው ገብስና ስንዴ መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ባይራና ወገኖቹ ግን ዱሩን አድነው፤ ሥራ ሥሩንና ፍሬውን ለቅመው፤ ከድንጋይ ስለት አውጥተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ጥርስ የሚጽፈው

አደንና ለቀማ ኑሮው የሆነ ሰው ጥርሱ ሦስተኛ እጁ ነው። ሥራ ሥሩን ይልጥበታል፤ ጅማቱን ይጐትትበታል፤ ቈዳውን ያለሰልስበታል፤ ሁለቱ እጆቹ በተያዙ ጊዜም ጠፍሩን ይነክስበታል። ስለዚህ ፊደል የሌለውን የጥንት ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሊቅ አስቀድሞ የሚመለከተው ጥርሱን ነው።

የጥርስን ላይ የሚያለብሰው ኢናሜል የተባለው ነጭ ሽፋን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከክብደቱም ከመቶው 96 ያህሉ ማዕድን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጕድለት አለበት። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ቈዳ ቢቈስል ይሽራል፤ ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ካለቀ አይመለስም። የእናቶቻችን ወፍጮ መጁ እየበላው ሲለሰልስና እህል መፍጨት ሲያቅተው እንደገና ይወቀራል፤ ጥርስ ግን የማይወቀር ወፍጮ ነው። በዚህም ምክንያት ሰው የበላውና በጥርሱ የሠራው ሁሉ በዚያው ላይ እየተጻፈ ይኖራል።

ይህን ጽሕፈት የማንበቢያውም ዘዴ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ፤ ሁለተኛው በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፤ ሦስተኛው ደግሞ በአሥራ ስምንት ዓመት አካባቢ ይበቅላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ስድስት ዓመት የሚያህል ብልጫ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የመበላት ልዩነት በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ኢናሜል እንደሚያልቅ ስለሚያመለክት፤ ሊቃውንቱ ከዚህ ተነሥተው የሟቹን ዕድሜ ያሰላሉ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ቁመቷ የልጅ ቢመስልም፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሎ ጥቂት ተበልቶ ስለተገኘ ዐዋቂ መሆኗ ታውቋል።

ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ምግብንና ሥራንም ጥርስ ይናገራል። የጥንት ግብፃውያን እንጀራቸው አሸዋና የወፍጮ ድንጋይ ብናኝ ይገባበት ስለነበረ፤ ፈርዖኑ ዳግማዊ ራምሴስ እንኳ ሳይቀር ጥርሳቸው እስከ ሥሩ ድረስ ተበልቶ ይገኛል። በሰሜን ዋልታ አጠገብ በሚኖሩት በኢንዊት ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ሴቶቹ የአውሬ ቈዳ እያኘኩ ያለሰልሱ ስለነበረ የፊት ጥርሳቸው ያልቅ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ይዞት የተወለደው ሳይሆን በሕይወቱ ዘመን ያገኘው ምልክት ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሞቱና መገኘቱ

ባይራ በሞተ ጊዜ ወገኖቹ በሞታ ዋሻ ውስጥ ቀበሩት። በላዩም ዘመን ተከመረ። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ከአገሩ ሰው ጋራ ተዛመዱ፤ ገብሱ ተዘራ፤ ከብቱ ተረባ፤ ብረት ተቀጠቀጠ፤ የጋሞ ዴሬዎች ተመሠረቱ። ዋሻውም በጦርነት ጊዜ ለሕዝቡ መሸሸጊያ ሆነ። የሸሸው ሕዝብ ከእግሩ በታች ማን እንደተኛ ሳያውቅ በዚያው ያድር ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የጥንት ታሪክ ተመራማሪ የሆኑት ባልና ሚስት፤ ጆን አርተርና ካትሪን አርተር፤ ከጋሞ ሽማግሌዎች ጋራ ስለ አገሩ ታሪክ በሚነጋገሩበት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ይህን የመሸሸጊያ ዋሻ ነገሯቸው፤ መርተውም አሳዩአቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ2012 ቍፋሮ ተደርጎ አጽሙ ተገኘ። ማቲው ከርቲስ የተባለው ተመራማሪም የሥራው ተካፋይ ነበር። ስለዚህ የግኝቱ የመጀመሪያ ምስጋና የሚገባው የአገሩን ታሪክ በቃል ጠብቀው ላቈዩት ሽማግሌዎች መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ የትውልድ ጽሕፈቱን ማንበብ ነበር። ይህ ጽሕፈት በሞቃት አገር ቶሎ ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ከአውሮፓና ከእስያ በረዷማ ምድር የተገኙ ብዙ የጥንት ሰዎች ሲነበቡ፤ አፍሪካ ግን ሳትነበብ ቈይታ ነበር። ሊቃውንቱ ቀድሞ ለዚህ ሥራ ጥርስን ይመርጡ ነበር፤ ጠንካራው ሽፋን ውስጡን ይጠብቃልና። በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይሠራ የነበረው ሮን ፒንሃሲና ጓደኞቹ ግን ከጆሮ በስተጀርባ ያለው፤ የውስጠኛውን ጆሮ የያዘው ጠጣር አጥንት ከጥርስ ይልቅ ጽሕፈቱን አብልጦ እንደሚያቈይ አረጋገጡ። የሞታ ዋሻ ቀዝቃዛና ደረቅ መሆኑ በዚህ ላይ ተጨምሮ፤ የባይራ የጆሮ አጥንት 4,500 ዓመት ሙሉ አደራውን ጠብቆ ተገኘ። ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው የትውልድ ጽሕፈቱ፤ እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ ከ12 ጊዜ በላይ እየተደጋገመ ተነበበ።

ውጤቱ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ማርኮስ ጋዬጎ ዮሬንቴ ቀዳሚነት፤ በአንድሬያ ማኒካና በሌሎችም ጓደኞቹ ተባባሪነት ተጽፎ መስከረም 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ጽሑፉ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አስታወቀ። አንደኛው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች ሁሉ ለባይራ ይበልጥ የሚቀርቡት ከጋሞ በስተምዕራብ የሚኖሩት አሪዎች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፤ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ብዙ ሕዝብ ገብቶ ከነባሩ ጋራ መዛመዱ ነው። ባይራ ከዚያ በፊት የኖረ በመሆኑ ይህ መዛመድ በእሱ ላይ አይታይም፤ ስለዚህም ቀድሞ የነበረውንና በኋላ የመጣውን ለይቶ ለማየት እንደ ሚዛን ሆኖ አገለገለ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በመጀመሪያው ጽሑፍ የውጭው ዘር በመላው አፍሪካ እስከ ምዕራብና እስከ ደቡብ ድረስ መድረሱ ተገልጦ ነበር። ጥቂት ወራት ቈይቶ በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን በስሌቱ ሥራ አንድ ደረጃ ተዘልሎ እንደነበረ ታወቀ። ጸሐፊዎቹም ሳይሸሽጉ ራሳቸው እርማት አወጡ፤ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ጸንቶ ሲቈይ ስለ ቀረው አህጉር የተባለው ተነሣ። የተማረ ሰው ክብሩ በዚህ ይታወቃል።

ሁለቱ ጽሕፈቶች

ከዚህ በላይ እንዳየነው በሰው አካል ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለ። አንዱ በውስጥ ያለው የትውልድ ጽሕፈት ነው፤ ከአባትና ከእናት ይወረሳል፤ ሥራም ሹመትም አይለውጠውም። ሁለተኛው በላይ ያለው የሥራ ጽሕፈት ነው፤ በጥርስ መበላት፤ በመዳፍ መሻከር፤ በትከሻ መጕበጥ ይታያል። ሰው ሁለቱን ባምታታ ጊዜ ታላቅ በደል ይፈጸማል።

የሥራው ጽሕፈት ከዘር ጋራ አለመገናኘቱን ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳ ምሳሌ ከደቡብ አሜሪካ ይገኛል። በብራዚል፤ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ክፍለ አገር፤ ኮሮንዶ በተባለው ስፍራ ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቈጠሩ የነባር ሕዝብ መቃብሮች ተገኝተው ነበር። ክሪስቲ ተርነርና ሊሊያ ማሻዶ የተባሉት ተመራማሪዎች የነዚህን ሰዎች ጥርስ በመረመሩ ጊዜ እንግዳ ነገር አዩ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ተፍቀው ሳስተዋል፤ ከሥር የሚገጥሟቸው የታችኞቹ ግን በዚያው መጠን አልተበሉም። ጥርስ ከጥርስ ተፋጭቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገን መበላት ነበረበት። ተመራማሪዎቹ በ1983 ባወጡት ጽሑፍ ምክንያቱ ካሳቫ ነው አሉ። ሕዝቡ ሥሩን በላይኛው ጥርሱና በምላሱ መካከል እየጐተተ ይልጠውና ይመጠው ስለነበረ፤ ከሥሩ ጋራ የተጣበቀው አፈር ጥርሱን ከውስጥ በኩል ይፍቀው ነበር፤ ስታርቹም ጥርሳቸው በብዛት እንዲበሰብስ አድርጓል። ይህ ካሳቫ ዛሬ በቆላው የጋሞና የጎፋ አገር የሚተከለው ያው ካሳቫ ነው፤ የትውልድ አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው።

ቈየት ብሎ ይኸው ዓይነት የጥርስ መበላት በፓናማ ጥንታውያን ነባር ሕዝቦች ላይ፤ በ1997 በወጣ ጽሑፍ ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ሰዎች ላይ መታየቱ ተገለጠ። የሴኔጋልና የብራዚል ነባር ሕዝብ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ፤ በትውልድም የተራራቁ ናቸው። ጥርሳቸው ግን ተመሳሰለ። አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱ የሚኰመጥጥ ምግብ ሊሆን ይችላል ብለው ቢከራከሩም፤ ክርክሩ በሥራና በምግብ መካከል ነው እንጂ በዘር ላይ አይደለም። በፓራጓይ በቻኮ ሜዳ የሚኖሩት የሌንጓ ሕዝብ የጥርስ አበላልም ተመርምሮ በ1985 የታተመው በዚሁ መንፈስ፤ የሕዝብን አኗኗር ከጥርሱ ለማንበብ ነው።

ጥርስ የሚናገረውን ድንጋይና ሸክላም ይናገራሉ። ባይራን ያገኘው ጆን አርተር ከዚያ ቀደም ብሎ በጋሞ የሸክላ ዕቃ ሲያጠና፤ የጠላ መጥመቂያው ጋን ሆዱ በሚፈላው ነገር ኮምጣጣነት ከውስጥ ተበልቶ አግኝቶታል። ብዙ ጠላ የሚጠምቅ ብዙ እህል ያለው ቤት በመሆኑ፤ የጋኑ መበላት የባለቤቱን ሀብት ይመሰክራል ሲል በ2003 ባወጣው ጽሑፍ አስረዳ። ካትሪን አርተር በበኩሏ የጋሞ ቈዳ ፋቂዎች የባይራ ወገኖች ያውቁት የነበረውን ጥበብ፤ ድንጋይ ጠርቦ ስለት ማውጣትን፤ እስከ እኛ ዘመን እንዳቈዩት አጥንታ ጽፋለች። ፋቂው የድንጋዩን ስለት በእንጨት እጀታ ላይ ያጣብቀዋል፤ ሲደንዝ ይስለዋል፤ ሲያልቅ ይጥለዋል። በዓለም ላይ ይህ ጥበብ ከነባለሙያው በሕይወት የተገኘበት አገር ጥቂት ነው።

እንግዲህ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የዓለም ሊቃውንት ባሕር ተሻግረው ከእግራቸው ሥር ቍጭ ብለው የሚማሩባቸውን እነዚህን ባለሙያዎች እኛ ስንንቃቸው ኖረናል። በብዙ የጋሞ ዴሬዎች ሸክላ የምትሠራው ማና፤ ቈዳ የሚፍቀውና ብረት የሚቀጠቅጠው ደጋላ ሲባሉ፤ ማላ ከተባለው ከአራሹ ወገን ጋራ እንዳይጋቡ፤ መሬት እንዳይዙ፤ በሸንጎ እንዳይሰየሙ፤ ሲሞቱም በአንድ መካነ መቃብር እንዳይቀበሩ ተደርገው ኖረዋል። በሰሜኑም አገራችን ቢሆን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም ለብዙዎቹ መሬት አስገኝቷል። ሆኖም የንቀቱ ሥር ጨርሶ አልተነቀለም።

ለዚህ ንቀት ሲሰጥ የኖረው ምክንያት ዘራቸው ሌላ ነው የሚል ነበር። ከውጭ አገር የተጻፉ አንዳንድ መጻሕፍትም ባለ እጆቹ አራሹ ከመምጣቱ በፊት የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው የሚለውን ግምት ያናፍሱ ነበር። ይህን ግምት ለመፈተን የባይራ ዘመዶች የሆኑት አሪዎች ጥሩ አጋጣሚ ሆኑ። በአሪም ዘንድ አራሹና ብረት ሠሪው ሳይጋቡ ተለያይተው ኖረዋልና። በ2015 የታተመ ምርመራ የሁለቱን ወገን የትውልድ ጽሕፈት አስተያይቶ፤ አራሹም ብረት ሠሪውም ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አስረዳ። በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከሌላ አገር መምጣት ያስከተለው አይደለም። ብረት ሠሪዎቹ በንቀት ምክንያት ተገልለው በጥቂት ቤተ ሰብ መካከል ብቻ እየተጋቡ መኖራቸው ያመጣው ነው። በሌላ አነጋገር፤ ልዩነቱ ንቀቱን አልወለደውም፤ ንቀቱ ልዩነቱን ወለደው እንጂ።

የበኵር ልጅ ዕዳ

ባይራ ማለት በጋሞኛ የበኵር ልጅ ማለት ነው። በጋሞ ሥርዓት በኵርነት ክብር ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ነው። የበኵር ልጅ በአባቱ ቦታ ቆሞ ስለ ታናናሾቹ መሥዋዕት ያቀርባል፤ በመካከላቸው ጠብ ቢነሣ ያስታርቃል። ለዚህ ሰው የወጣለት ስም እንግዲህ የተገባ ነው። አራሹና ብረት ሠሪው ወንድማማች መሆናቸው የተመሰከረው በእሱ ዘመዶች በአሪዎች ዘንድ ነውና። ከሞተ ከ4,500 ዓመት በኋላም ታሪኩ ታናናሾቹን ለማስታረቅ ይጠቅማል ማለት እንችላለን።

ዝናው ከኢትዮጵያም አልፏል። በ2017 በወጣ ሌላ ምርመራ፤ በታንዛንያና በማላዊ የተገኙ የጥንት አዳኞች ከፊሉ ዝምድናቸው ወደ ባይራ ወገን የሚስብ መሆኑ ታውቋል። ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሰው ከሰው ጋራ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይኖር እንደነበረ ያስረዳል። ይህ ሁሉ የታወቀው ስሙን እንኳ ሳይጽፍ በዋሻ ከተቀበረ ከአንድ ድኻ አዳኝ ነው።

በየወረዳውና በየቀበሌው ተሹማችሁ የሕዝብ አቤቱታ የምትሰሙ ወጣቶች፤ አንድ ቀን ሸክላ የምትሠራ እናት ወይም ቈዳ የሚፍቅ አባት ስለ መሬት፤ ስለ ጋብቻ ወይም ስለ መቃብር በደል ይዘው ከፊታችሁ ይቆሙ ይሆናል። የአገሩ ልማድ ነው ብላችሁ ከማሰናበታችሁ በፊት ይህን የበኵር ልጅ አስቡ። በገረሴም ሆነ በአርባ ምንጭ የምትማሩ ተማሪዎችም፤ የጓደኛችሁ አባት እጅ ጭቃ ወይም ከሰል ቢነካው ያ የሥራ ጽሕፈት መሆኑን ዕወቁ፤ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ሥራ ጥርስን ይበላል፤ መዳፍን ያሻክራል፤ ዘርን ግን አይለውጥም።